ስለ ሐያት ብረት ወደ ቆቦ የሄድኩበት ሳምንት

ከቆቦ ከተመለስኩ ወዲህ የሠፈሬ ሰው ሁሉ «ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ደከመኝ። ደግሞም ስለ ሙቀቱ ብቻ ተናግሬ ዝም ማለት ላስተናገዱኝ ሰዎች ተገቢ አልመሰለኝም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወጥተው ራያን ላላዩ፣ በተለይም እንደኔ ጉልበታቸው ለደከመ፣ ቀን በቀኑ ጽፌዋለሁ።

የሄድኩት ለሐያት ጉዳይ ነው። ሐያት የቆቦ ቆላ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ከግቢዬ አንዲቱን ክፍል ተከራየች፤ ተመርቃ እዚያው መምህርት ሆና ስትቀጠርም አልለቀቀችም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ኪራዩ ቀረ፤ መቼ እንደቀረ ሁለታችንም አናስታውስም። የምታስተምረው ፊዚክስ ነው። ባለፈው ክረምት ለዶክትሬት ትምህርት ጃፓን አገር ተቀበሏት። አባቷ ግን እሺም እምቢም አላሉም። ስትደውል ድምጿን እንደሰሙ ስልኩን ለእናቷ ይሰጣሉ። እሷም ያለ አባቷ ቃል አልሄድም አለች።

«እርስዎ ቢመጡልኝ ይናገራሉ» አለችኝ አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ።

«ምን ብዬ?»

«ያዩትን ይንገሯቸው። ሌላ ምንም አይበሉ።»

ሰው ቤት ሄጄ ስለ ሰው መናገር አልወድም። ቢሆንም እሺ አልኳት። በበኩሌ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ ጠዋት በውርጭ ተነሣን። ሁለት ሹራብ ለብሼ ጋቢ ደርቤያለሁ። ለወላጆቿ የያዝኩት ስጦታ አንድ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስና ለእናቷ የሚሆን የቀሚስ ጨርቅ ነበር። እኛ አገር የተከበረ ሰው ብርድ ልብስ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ሐያት ብርድ ልብሱን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ አስጫነችው።

ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢዬን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ አንዱን ሹራብ፣ ከሚሴ ላይ ሁለተኛውን አወለቅሁ። ሰውነቴ እፎይ ባለበት ሰዓት መኪናው ወደ ደሴ መውጣት ጀመረና ሁሉንም መልሼ ለበስኩ። ሐያት «እትዬ ጽጌ፣ አንድ ቀን ሙሉ ልብስ ሲለብሱና ሲያወልቁ ዋሉ» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው።

ደሴ ያደርነው ከቁልቁለት ላይ በተሠራ ፔንሲዮን ነው። ደረጃው ብዙ ስለሆነ መሐሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቷ ጠና ያለች ሴት ነች፤ እግሬን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ጨው ጨምራ ይዛ መጣች። እኔ ቤት የሚያድር እንግዳ እግሩ ቢያብጥ እንዲህ ማድረግ ትዝ ይለኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሌሊቱን ደህና አደርን።

ማክሰኞ በሚኒባስ ጉዟችንን ቀጠልን። ሐይቅን በስተቀኝ አየነው፤ ጠዋት ላይ ጭጋግ ስለነበረ ብዙ አልታየኝም። ውጫሌን አልፈን መርሳ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። መርሳ ፍራፍሬ የሞላባት ናት። እኛ ዘንድ ማንጎ ታሽቶና ጠቁሮ ነው የሚደርሰው፤ እዚያ ግን ገና ከዛፉ የወረደ ይመስላል። ሐያት በፌስታል ገዝታ መጣች።

«እስቲ አሁን ንገሪኝ» አልኳት። «አባትሽ ምን ልትማር ነው ቢሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

ሦስት ማንጎ አውጥታ ጭኔ ላይ በሦስት ማዕዘን አስቀመጠች።

«ይሄ እያንዳንዱ ትንሽ ማግኔት ነው እንበል። እንጨቱ የነበረበት ጫፍ ፊቱ ነው። ጎረቤታሞቹ አንድ ዓይነት መሆን አይፈልጉም። አንዱ ፊቱን ወደ መሐል ካዞረ ሌላው ወደ ውጭ ማዞር ይፈልጋል።» ሁለቱን እንዳለችው አዞረቻቸው። «አሁን ሦስተኛው ለሁለቱም ጎረቤት ነው። ወዴት ይዙር?»

ጥቂት አሰብኩ። ወደ መሐል ቢዞር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሆናል፤ ወደ ውጭ ቢዞር ከሁለተኛው ጋር።

«እንግዲያ ዝም ብሎ ይቀመጣላ» አልኩ።

«እርስዎ ቢሆኑ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። እሱ ግን አይችልም። ወደ አንዱ መዞር ግዴታው ነው።»

እንዲህ ያለውን ብረት «ግራ የገባው ማግኔት» ትለዋለች። እሷ የምታጠናው ብርቅዬ የምድር ብረቶች ከሚባሉት የሚሠራውን ነው። ስማቸው እንዲህ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም፤ የሚያደክመው ከድንጋያቸው ለይቶ ማውጣቱ ነው አለች። ከእነሱ አንዱ ሆልሚየም ነው። ከብርና ጀርማኒየም ከሚባል ነገር ጋር አብሮ ሲቀልጥና ሲረጋ፣ የሆልሚየሙ አቶሞች ሦስት ሦስት ሆነው ማዕዘን ለማዕዘን እየተያያዙ ይደረደራሉ። ጃፓኖቹ ይህን አደራደር በቅርጫት ሽመና ስም ይጠሩታል። እሷ እስካሁን ያየችው በኮምፒውተር ስሌት ብቻ ነው።

«እዚያ ግን እኔው አቅልጬ፣ እኔው አቀዝቅዤ አየዋለሁ» አለች። ይህን ስትል ድምጿ ተለወጠ። ብዙ ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ስትናገር የሰማኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

«አቶሞቹ ካልተነካኩ አንዱ የሌላውን ፊት እንዴት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብረት ስለሆነ በውስጡ አንድ ቦታ የማይቀመጡ ኤሌክትሮኖች ይዘዋወራሉ። የአንዱን ማግኔት ወሬ ይዘው ለሌላው ያደርሳሉ። ወሬው ግን እንደ ርቀቱ ይለዋወጣል። ቅርብ ላለው ‹እንደኔ ሁን› የነበረው ራቅ ላለው ‹እንደኔ አትሁን› ሆኖ ይደርሳል።»

ከኋላችን ዶሮ ያቀፈች ሴት ነበረች፤ አንገቷን አስግጋ ስትሰማ ቆይታ «ያ ብረትማ ወልዲያም አለ፤ የኛ ሠፈር ሰው በሙሉ ከእሱ ነው የተሠራው» አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ወልዲያ ምሳ በልተን መኪና ቀየርን። ጎብዬንና ሮቢትን ስናልፍ ተራራው በስተግራ ቀረ፤ በስተቀኝ ሜዳው ተዘረጋ። የማሽላው ቁመት ከሰው በላይ ነው። እኛ አገር ገብስ ከጉልበት ካለፈ ደስ ይለናል። ቆቦ የገባነው ፀሐይዋ ሳትበርድ ነው። ያሳደረን የሐያት አጎት ልጅ እንድሪስ ነው፤ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሚስቱ ወለሉን ውሃ ረጭታ፣ አልጋውን ከመስኮቱ አጠገብ አድርጋ አስተኛችኝ። ጓዜን ስታስገባ ብርድ ልብሱን በእጇ ዳሰሰችው። የቀሚሱንም ጨርቅ አየች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ረቡዕ እንድሪስ በባጃጁ ወደ ገጠሩ ይዞን ወጣ። መንገዱ ወደ ዞብል ተራራ በኩል ነው። ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ባጃጁ አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። እንድሪስ ገፋ፤ ሐያት ገፋች፤ እኔ ጥላዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ከአፋር በኩል ግመል እየነዱ የሚመጡ ሁለት ሰዎች ደረሱና አንደኛው በአማርኛ «እማማ፣ እርስዎ ከወረዱ ቀለለ እኮ፤ ምን አስቸገረው?» አለ። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ ሁሉም ሳቁ። ሰዎቹ ከግመላቸው ገመድ ፈትተው ጎተቱልን። ውሃችንን ሰጠናቸው።

የሐያት አባት አቶ ሙሄ ከቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆመው ተቀበሉን። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ግንባሯን ስመው እጃቸውን ጥቂት ጊዜ ራሷ ላይ አቆዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ለእኔ ግን «አንቱ መጡልን! አብሽሩ፣ ቤትዎ ነው» እያሉ ሰላምታው አላልቅ አለ። እናቷ ወይዘሮ ከድጃ አጭርና ደርባባ ናቸው። ቀኑ ረቡዕ መሆኑን አስበው ወተትም ቅቤም ሳያሳዩኝ፣ ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ከአበባ በተዋሱት ድስት ሽሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። እኔ ጾመኛ መሆኔን ማን ነገራቸው ብዬ ሐያትን ጠየቅኋት። «ማንም። እዚህ እንዲህ ነው» አለች።

በዚያ አገር እንግዳ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አድሮ ካልተነሣ «ምን እግር ጣለህ?» አይባልም። እኔም የምናገረውን በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር፤ «የመጣሁት በሐያት ጉዳይ ነው» ብዬ ስጀምር አቶ ሙሄ እጃቸውን አነሡ። «ይደርሳል። ይረፉ» አሉ። ብርድ ልብሱንና ጨርቁን ሰጠሁ። ሁሉም ብርድ ልብሱን አዩት። ላብ በግንባሬ ይወርዳል፤ ያን ወፍራም ሱፍ ተሸክሜ በመምጣቴ አፈርኩ። ወይዘሮ ከድጃ ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ እንደ ትልቅ ነገር ሳጥን ውስጥ አስገቡት። የአቶ ሙሄ እህት ዘሀራ ሳጥኑ እስኪዘጋ አይኗን አልነቀለችም።

ሐሙስ ስነሣ ግቢው ሰው ሞልቶበታል። አንድ ፍየል ለጎረቤቷ ለአበባ ባል ተሰጥቶ እዚያው እነሱ ግቢ ታርዶ ነበር፤ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የእነሱን ዕርድ እንዳልበላ ያውቃሉ። ለራሳቸው ደግሞ ሌላ አርደዋል። ለአንዲት ሴት ይህ ሁሉ አልበዛም ወይ አልኩ በልቤ። የማሽላ እንጀራውን ፈርቼው ነበር፤ ትኩሱን በቅቤ ሲያቀርቡልኝ ግን ወደድኩት።

ዘሀራ አጠገቤ ተቀመጠች። ወደ ስድሳ የሚጠጋት፣ አፏ የማይደክም ሴት ናት።

«የልጁ እናት በሕይወት አለች?» አለችኝ።

«የየትኛው ልጅ?»

«ኧረ በአላህ! የላከዎት ልጅ ነዋ።»

«ማንም አልላከኝም።»

«ይደብቁ እንግዲህ» አለችና ለሌሎቹ ሴቶች ጠቀሰቻቸው። «ሰምተናል እኮ። መሐንዲስ ነው። ቁመቱ ግን ከሐያት ያጥራል አሉ፤ እውነት ነው?»

ሐያት ውሃ ይዛ ስትገባ ይህን ሰማች። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነገሩ ቀስ በቀስ ገባኝ። በራያ ባህል፣ ያረጀ ሰው ከሩቅ አገር ብርድ ልብስና የቀሚስ ጨርቅ ይዞ የልጅ አባት ቤት ከመጣ፣ ጉዳዩ አንድ ብቻ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ ነው የመጣው። የእንድሪስ ሚስት ማክሰኞ ማታ «አንዲት ትልቅ ሴት ብርድ ልብስ ይዘው መጥተዋል» ብላ ለወይዘሮ ከድጃ ደወለች። ወይዘሮ ከድጃ ለዘሀራ ነገሩ፣ ዘሀራ ለአበባ፣ አበባ ለመንደሩ። ረቡዕ እኛ አሸዋ ውስጥ ስንገፋ፣ እዚህ ሙሽራው መሐንዲስ ሆኗል፤ ቁመቱም ተለክቷል።

«እኔ የመጣሁት ሐያት ልትማር ስለምትሄድበት ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ዘሀራ አፏን ያዘች። «ሁለት ፍየል እኮ አርደናል!» አለች።

ለአቶ ሙሄ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ። አውድማው ላይ ነበሩ። ሐያትና ዘሀራ ተከተሉኝ። የማሽላው ራስ ተቆርጦ ተከምሯል፤ እሳቸው ከጎኑ ቁጭ ብለዋል። ሰርግ አለመሆኑን በአንድ አረፍተ ነገር ነገርኳቸው።

«ሰርግ ቢሆን ይቀለኝ ነበር» አሉ። «ሰርግ ቢርቅ ደሴ ነው፤ ቢርቅ ደብረ ብርሃን ነው።»

ከዚያ ሐያትን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ይሄ ብረት ምንድነው? እናትሽ ነግራኛለች፤ ግን እሷም አልገባትም።»

ሐያት መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን በእግሯ ጫረች። አባቷን አንዱ ማዕዘን ላይ፣ ዘሀራን አንዱ ላይ፣ እኔን አንዱ ላይ አቆመችን። ደንቡን ነገረችን። አቶ ሙሄ ፊታቸውን ወደ መሐል አዞሩ። ዘሀራ ወደ ውጭ ዞረች። እኔ ወደ መሐል ዞርኩ።

«አይሆንም! ከእሱ ጋር አንድ ሆኑ» አለች ዘሀራ ወደ ኋላዋ እያየች።

ወደ ውጭ ዞርኩ።

«አሁን ከእኔ ጋር አንድ ሆኑ! ቆይ፣ እኔ ልዙር።» ዞረች። ያን ጊዜ እሷና ወንድሟ ተፋጠጡ። «አንተ ዙር እንጂ፣ ሙሄ! ምን ትገተራለህ?»

«እኔ ቀድሜ ነው የቆምኩት» አሉ አቶ ሙሄ።

«ሁልጊዜ አንተ ነህ ቀድሞ የሚቆመው!»

ማሽላ የሚወቁት ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጡ። አንዱ ዘሀራን ተካ፤ ሌላው እኔን። አልሆነም። ዘሀራ «አንዱን ከመሐል ማባረር ነው፤ ያን ጊዜ ይስተካከላል» አለች።

«አይባረርም፣ እቴ» አለች ሐያት። «ብረቱ ሦስት ሆኖ ነው የረጋው።»

«ታዲያ መጨረሻው ምንድነው?» አሉ አባቷ።

«በጣም፣ እዚህ አገር በማይታሰብ ብርድ ሲቀዘቅዝ ይስማማሉ። ግን ሦስቱም የፈለጉትን አያገኙም። ሁለቱ ወደ መሐል ዞረው አንዱ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ወይም አንዱ ወደ መሐል፣ ሁለቱ ወደ ውጭ። ይህ ከሆነ ይጸናል። የቱ ወደ ውጭ እንደሚዞር ግን አስቀድሞ የተጻፈ የለም፤ በየሦስቱ ይለያያል። በምን እንደሚወሰን ነው ማወቅ የምፈልገው።»

አቶ ሙሄ የተጫረውን ሦስት ማዕዘን አይተው አይተው «መርሐባ። ነገ ከጁምዓ በኋላ እንነጋገር» አሉ። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላ ቀረሁ። ማን ወደ ውጭ እንደሚዞር ሳስብ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቁርቁራው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ዱዓ ተቀመጥን። እኛ አገር ጸሎት የየግል ነው፤ ሰው የሚለምነውን ጎረቤቱ አይሰማም። እዚያ ግን ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን በሰው ፊት፣ በራሱ አፍ ይናገራል፤ ሌላ ሰው አይናገርለትም። ከዚያ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይልለታል። አንዷ ላም ታማባት ተናገረች። አንዱ ዓይኑን። ከዚያ አቶ ሙሄ ተናገሩ።

«በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ሲጠፋ፣ ልጄ ትኑር ትሙት ሳላውቅ ስንት ወር ከረምኩ» አሉ። ልጃቸውን ሳይሆን መሬቱን ነበር የሚያዩት። «ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ‹ደብረ ብርሃን አንዲት ሴት አለች፤ እሷ ዘንድ ነች› እል ነበር። የሴትዮዋን ፊት አላውቀውም። ግን እሷን በሐሳቤ ይዤ እተኛ ነበር። አሁን የምትሄድበት አገር ስልክ ቢጠፋ ማንን ልያዝ? ማንም የለኝም። ጉዳዬ ይኸው ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቱ ከእኔ ይልቅ አብረዋት ኖረዋል። እኔ አልወስንም። ትሂድ ካሉ ትሂድ፤ ትቅር ካሉ ትቅር።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። «ትቅር» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። ብናገራት ማንም ጥፋት አይለኝም ነበር፤ አባትየውም ያመሰግኑኝ ነበር። ሐያት የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ትፈታለች፤ ደግሞ ትጠቀልላለች።

ያየሁትን ተናገርኩ። «ያን ጊዜ ስለ እናንተ ወሬ ሲጠፋ እህል አልወስድ ብላ ነበር» አልኩ። «ከሰውም ጋር አታወራም። ይህን ሦስት ማዕዘን ግን ወረቀት ሙሉ ትስል ነበር። መብራት ሲጠፋ በሻማ ትስላለች። ያቆማት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ሾርባ ከማቅረብ በቀር ያደረግሁት የለም።»

ከዚያ ወደ አቶ ሙሄ ዞሬ እንዲህ አልኩ፤ «ጃፓን አገር የማውቀው ሰው የለም። ማን እንደሚጠብቃት አላውቅም። እኔ ግን ደብረ ብርሃን አለሁ። ከእሷ የሰማሁትን በዚያው ቀን እነግርዎታለሁ። ምንም ካልሰማሁ አለመስማቴን እነግርዎታለሁ። ብቻዎን አይሆኑም። ትሂድ።»

አቶ ሙሄ ቀና ብለው አዩኝ። «የአንቱስ ጉዳይ?» አሉ። «ዱዓ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይናገራል።»

«የእኔም ይኸው ነው» አልኩ።

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ። ላሚቱንም፣ ዓይኑን የሚያመውንም ሰውዬ፣ ሐያትንም፣ ስሜን ጠርተው እኔንም መረቁ። እነሱ አሚን ሲሉ እኔ አሜን አልኩ። ሐያት ተነሥታ የአባቷን ጉልበት ስትስም አንሥተው አቀፏት። ወይዘሮ ከድጃ ወደ ጓዳ ገቡ። ዘሀራ «ሁለት ፍየል ለጃፓን!» እያለች በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ማታ እራት ስንበላ አቶ ሙሄ «እስክትሄድ ከአንቱ ጋር ትመለስ፤ ሥራዋም ዕቃዋም እዚያ ነው» አሉ። ሐያት ወደ እኔ አየች። እስከ ጉዞዋ ጥቂት ሳምንታት ነበሩን። ከእሷ ጋር ላደርጋቸው ያሰብኳቸው ትንንሽ ነገሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የሚነገሩ አይደሉም።

«ፈቃድ ወስዳለች፤ እዚህ ትቆይ» አልኩ። «ዕቃዋን እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ።»

«እትዬ...» አለች ሐያት።

«ጥቁሩ ቦርሳሽ ዚፑ ተበላሽቷል፤ እሱን አሠራዋለሁ» አልኳት። በዚህ አለፍነው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሙሄ ራሳቸው ቆቦ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አንድ ኩንታል ማሽላ ሊጭኑልኝ ነበር፤ ማን ይሸከመዋል ብዬ በግድ አንድ ፌስታል አስደረግኋቸው። ሐያት መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱ እንደሚከፈት አረጋገጠች፤ ውሃዬን ከጎኔ አደረገች፤ ጋቢዬን አጣጥፋ ጀርባዬን ደገፈችበት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ሾፌሩ ሞተር እስኪያስነሣ አልተነሣችም። እጄን ይዛ ነበር። ስትወርድ «ውርጭ ስላለ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን አይሂዱ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይሂዱ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በመልሱ መንገድ የምጽፈው ብዙ የለም። ወልዲያ ላይ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እስከ ደሴ ስለ ልጆቿ አወራችኝ፤ ማዳመጡ ጠቀመኝ። እሑድ ቤቴ ስገባ ግቢው ቀዝቅዞ ነበር፤ የሐያትን ክፍል ከፍቼ አናፈስኩት።

ሐያት ከሄደች ጊዜው ገፋ። እዚያ ብርዱ የደብረ ብርሃንን ይመስላል ትላለች። የመጀመሪያውን ብረቷን ራሷ አቅልጣ፣ ፈትጋ ያወጣቻት ቅንጣት የማሽላ ፍሬ ታህላለች አለች። ይህን በነገረችኝ ቀን ለአቶ ሙሄ ደወልኩ። እሳቸውም ዓርብ ዓርብ ይደውላሉ። ስልኩን ለወይዘሮ ከድጃ አይሰጡም። «ምን ሰማን?» ይላሉ፤ የሰማሁትን እናገራለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ እንዘጋለን። ባለፈው ዓርብ ግን ሐያት ሥራ በዝቶባት ሳምንቱን ሙሉ አልደወለችም ነበር፤ ደህና መሆኗን ብቻ በአጭሩ ጽፋ ልካለች። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ሌላ ምንም የለኝም» አልኩ።

ስልኩን የሚዘጉት መስሎኝ ነበር። አልዘጉትም።

«እንግዲያስ የአንቱን ይንገሩኝ» አሉ።

ነገርኳቸው።